አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በማሽን ፖሊሽ የሚያደርግ ሁነኛ ባለሙያ በምን ይለያል?

ጥቁር ቪትዝ፦
ሰላም ለቤቱ። መኪናው ጥቁር ቪትዝ፣ በፈረንጅ የ2008 ሞዴል ነው። ከግራ የኋላ በር በቀር ቀለሙ የፋብሪካ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይታያል፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ የደረቀ የውሃ ጠብታ ነጭ ክብ ክብ ሠርቶ በእጥበት አልለቅ ብሏል። ላቫጆ «ፖሊሽ» የሚለው በአንድ ሰዓት ያልቃል። ዴኮር ቤት «ጠዋት አምጥተህ ማታ ውሰድ» ይላል። ሌላው «ሁለት ቀን ተወው» ይላል፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ሰማይና ምድር ነው። የምፈልገው ስልክ ቁጥር አይደለም። ሄጄ ምን ብጠይቅ፣ ምን ባይ ነው የሚያውቀውን ከማያውቀው የምለየው?

ማይክሮን፦
ሦስቱም ያው ስም ይስጡት እንጂ ሥራው ሦስት ዓይነት ነው። የአንድ ሰዓቱ ቅባት ያለው ማድመቂያ ወይም ሰም መቀባት ነው። ጭረቱን ይሞላዋል፣ አያነሳውም፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ሁሉም እንደነበረ ብቅ ይላል። የአንድ ቀኑ ባለ አንድ ዙር የማሽን ፖሊሽ ነው፤ ለቪትዝ የሚያህል መኪና እጥበቱን ጨምሮ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይፈጃል። የሁለት ቀኑ ባለ ሁለት ዙር ነው፤ መጀመሪያ በኮምፓውንድ (ሻካራው የፖሊሽ ቅባት) ይቆረጣል፣ ከዚያ በቀጭን ፖሊሽ ይጠራል።

መያዝ ያለብህ ዋናው ነገር፦ ፖሊሽ ማለት ክሊሩን፣ ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ንጣፍ፣ መቀነስ ነው። ጭረት የሚጠፋው በዙሪያው ያለው ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ሲላግ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው) አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 160 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ቢሆን ነው። ቀላል ዙር 1 ወይም 2 ማይክሮን፣ ከባድ ቆረጣ ከ3 እስከ 5 ይወስዳል። በብርጭቆ ወረቀት የሚነካ ካለ ከዚያም ይበልጣል። የወጣው ተመልሶ አይገባም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ አያታልልህ፣ ቀለም የሚጎዳው ጨረር እዚህ ከፍታ ላይ ከቆላው የበረታ ነው፤ ክሊሩ የሳሳ ጣሪያ አይችለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄህ «የቀለም ውፍረት መለኪያ አላችሁ?» ይሁን። እጅ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ናት፣ ላሜራው ላይ ስትደገፍ በማይክሮን ታነባለች። እያንዳንዱን ክፍል ቢያንስ አምስት ቦታ ይለካ። ከ300 በላይ ካነበበ ያ ክፍል ድጋሚ ተቀብቷል ማለት ነው፤ ሺህ ቤት ከገባ ሥር ስቱኮ አለ። ያንተን የኋላ በር ያለ መለኪያ ከሌላው ጋር እኩል የሚገፋ ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው፤ ድጋሚ የተቀባ ክፍል ውፍረቱ የሚበዛው በስቱኮና በፕራይመር ሊሆን ይችላል፣ ክሊሩ ግን ስስ ሆኖ። ፓራውልት ላይ ተራ መለኪያ አያነብም፣ ፕላስቲክ ነውና። እዚያ ላይ ቀለል ባለው ነው የሚሠራው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ሳትከፍል አንድ መሞከሪያ ቦታ ያሳይህ። ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በወረቀት ፕላስተር ይከልል፣ ይሥራው፣ ከዚያ በአልኮል ይወልውለው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል አንድ እጅ፣ ውሃ ሁለት እጅ። አልኮሉ የቀረውን ቅባት ያነሳዋል፤ ተሞልቶ የተደበቀ ጭረት ካለ እዚያው ይጋለጣል። የስልክህን መብራት አግድም ይዘህ እየው፣ ቀጥ አድርገህ አይደለም። በአልኮል ማየት የማይወድ ሰው ምክንያት አለው።

ሦስተኛ፣ ስፖንጁን ቁጠር። ለአንድ መኪና ለየዙሩ ሦስት አራት ንጹሕ ስፖንጅ ያስፈልጋል፤ በየክፍሉም መጽዳት አለበት። በአንድ ስፖንጅ ከኮፈን እስከ ኋላ የሚዞር ሰው የተነሳውን ክሊርና አቧራ መልሶ ቀለምህ ላይ እያሸ ነው።

ባቲላሜራ፦
ማይክሮን ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ላክል፤ ማሽን አይተው የሚፈርዱ ስላሉ። ዲኤ የሚባለው ስፖንጁን እያሽከረከረ የሚያንቀጠቅጠው ማሽን ነው፤ ሙቀት አያበዛም፣ ለጀማሪም ይቅር ባይ ነው። ሮታሪ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፣ ቶሎ ይቆርጣል፣ ቶሎም ያቃጥላል። ይህ ማለት ሮታሪ የያዘ ሁሉ አበላሺ ነው ማለት አይደለም። በእጁ የገባለት ሰው ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር በደቂቃ ይዞ በበግ ፀጉር ይቆርጥና በለስላሳ ስፖንጅ ይዘጋዋል፤ ዲኤ ግማሽ ቀን የሚታገለውን በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ችግሩ እዚያው ላይ ሲያቆም ነው። የበግ ፀጉር ጥቁር ቀለም ላይ የሚያወዛውዝ ጥላ ይተዋል፣ ሆሎግራም የሚሉት። ጥላ ውስጥ አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ማሽኑ የሄደበት መንገድ ሁሉ ይቆጠራል። ለጥቁር መኪና «በሮታሪ ቆርጠህ በምን ትዘጋዋለህ?» ብለህ ጠይቅ። «በዚያው» ካለህ ቁልፍህን ተቀበል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ የበግ ፀጉር አስረው የሚሠሩ አሉ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሄዳል። ፍጥነት መቀነሻ የሌለው ከሆነ ቀለም አጠገብ መድረስ የለበትም። ከሩቅ ብታየው ሮታሪ ይመስልሃል፤ ልዩነቱ የፍጥነት ቁልፉ ነው፣ ከ1 እስከ 6 የተጻፈበት። ተጠግተህ እየው።

ጠርዙንም ተመልከት። የኮፈን አፍ፣ የበር ጠርዝ፣ ላሜራው የሚታጠፍበት መስመር፤ ክሊር የሚሳሳው እዚያ ነው፣ የሚበሳውም እዚያ ነው። የሚያውቅ ሰው እነዚህን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ፕላስተሩን ነቅሎ በእጁ ይነካካቸዋል። የጎማ ማኅተሙና ጥቁሩ ፕላስቲክም መሸፈን አለበት፤ ኮምፓውንድ እዚያ ከደረቀ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ፕላስተር ከመለጠፉ ይበልጣል።

ዶልፊን 5ኤል፦
በዚሁ አጋጣሚ፦ ነጭ ዶልፊን፣ የቀለም ኮዱ 040። ፖሊሽ ሲደረግ ስፖንጁ ነጭ ሆነ። ሠራተኛው ደንግጦ አቆመ። ክሊሩ አልቋል ማለት ነው?

ማይክሮን፦
የቶዮታ 040 ነጭ ከፋብሪካ ሲወጣም ክሊር የለውም፤ ቀለሙና ማብረቂያው አንድ ላይ ነው። ስፖንጁ ነጭ መሆኑ ጤናማ ነው፣ የተጠቃውና የነጣው ላይኛው ንጣፍ እየወጣ ነው። እንዲያውም ይህ ቀለም ለፖሊሽ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። መጠንቀቅ ያለብህ ስፖንጁ ቶሎ ስለሚሞላ ነው፤ በየግማሽ ክፍሉ በብሩሽ ይጽዳ። ግራጫ ወይም ሌላ ቀለም ስፖንጁ ላይ ከመጣ ግን ፕራይመር ላይ ደርሰሃል፣ ያኔ ማቆም ነው።

ሌሎቻችሁ ክሊር መኖር አለመኖሩን ለማወቅ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ነጭ ጨርቅ በትንሽ ኮምፓውንድ ነክራችሁ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ካወጣ ክሊር የለውም። ሰማያዊ መኪና ክሊር እያለው ስፖንጁ ሰማያዊ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ክሊሩ ተበስቷል።

ሳሙና በባልዲ፦
ስለማሽኑ ብዙ ተባለ፣ ስለ እጥበቱ ዝም። ግማሹ ጥፋት እኮ ማሽኑ ሳይነሳ በፊት ነው የሚያልቀው። ቆሻሻ ላይ ፖሊሽ ማድረግ በአሸዋ መፈተግ ነው፤ አሁን ደግሞ በየሰፈሩ በሚቆፈረውና በሚገነባው የተነሳ መኪናው ላይ የሚያርፈው ተራ አቧራ አይደለም፣ ሲሚንቶ አለበት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በግፊት ውሃ ይለቀለቃል፣ በመኪና ሻምፖና በሁለት ባልዲ ይታጠባል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው እጅ ጨርቁ የሚለቀለቅበት። ከዚያ ብረት የሚያሟሟ ፈሳሽ ይረጫል፤ የፍሬን ብናኝ ቀለሙ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ሐምራዊ ይቀየራል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። ከዚያ ክሌይ፣ ያ ተጣብቆ የቀረውን ቆሻሻ የሚያነሳው ጭቃ መሰል ነገር፣ በሳሙና ውሃ እያንሸራተቱ። ክሌይ ያስፈልግ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው፦ እጅህን ፌስታል ውስጥ ከተህ የታጠበውን ኮፈን ዳስሰው። በባዶ እጅ የማይሰማህ ሻካራነት በፌስታሉ ይሰማሃል። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣላል፤ «አጥቤዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፣ ድንጋዩ ውስጡ ገብቷል።

ጥቁር ቪትዝ፣ የጣሪያህ ነጭ ክብ ምልክት የውሃ ማዕድን ነው፤ የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀም ላቫጆ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ መኪና ሁሉ ያለበት ነው። ፖሊሽ ከመግባቱ በፊት አቼቶ ሞክር። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ፣ አንድ እጅ የተጣራ የባትሪ ውሃ (ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጀሪካን ሲሸጡ ስለሚታይ ጽሑፉን አረጋግጥ)። ጥላ ውስጥ፣ ላሜራው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በእርጥብ ጨርቅ አልብሰህ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ። ከለቀቀ ያንን ቦታ መላግ አያስፈልግም። ምልክቱ ሄዶ ጎድጎድ ያለ ነገር ከቀረ ግን ማዕድኑ ክሊሩን በልቶታል፣ ያ የማሽን ሥራ ነው።

አይዲ4 ከአያት፦
እኔ ጋ ጥያቄው ሴራሚክ፣ ያ ቀለም ላይ የሚቀባው መከላከያ፣ ነው። መኪናው አዲስ ነው፣ ሻጩም ዴኮር ቤቱም «ሴራሚክ አስደርግ፣ አምስት ዓመት አይጫርም፣ 9ኤች ነው» ይላሉ። ወይስ ሰም ይበቃል?

ማይክሮን፦
«አይጫርም» ውሸት ነው። 9ኤች የሚባለው የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ የላቫጆ አሸዋ ከእርሳስ ጋር አይወዳደርም። የሴራሚኩ ውፍረት ራሱ ከአንድ ሁለት ማይክሮን አያልፍም። የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ውሃ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ቆሻሻ አይጣበቅም፣ ስለዚህ በእጥበት ጊዜ ፈትጎ ማሸት ይቀንሳል። ጭረት የሚቀንሰው በዚያ መንገድ ነው።

ዕድሜያቸውን በደንብ ለሚታጠብ መኪና እንዲህ ያዘው፦ የካርናውባ ሰም ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ ሰው ሠራሹ ሲላንት ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ ጥሩ ሴራሚክ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት። በየቀኑ በዱቄት ሳሙና የሚፈተግ የራይድ መኪና ከሆነ ሰሙን በሳምንታት ቁጠረው።

ሴራሚክ ሥሩ ያለውን ሁሉ ይቆልፋል፣ ጭረቱንም ጨምሮ። «አዲስ ነው» ብለው ሳያጸዱ እንዳይቀቡልህ። መኪናው በመርከብ፣ ከዚያ ከጅቡቲ በመንገድ መጥቶ፣ ግቢ ውስጥ ወራት ቆሞ ነው አንተ ጋ የደረሰው፤ ክሌይና ቢያንስ አንድ ቀላል ዙር ይፈልጋል። ሲቀባም በአልኮል ተወልውሎ፣ አቧራ በሌለበት ዝግ ክፍል፣ በትንሽ በትንሹ። በቶሎ ካልተጠረገ ደርቆ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፣ ያንን ማውጣት ደግሞ እንደገና ፖሊሽ ነው። ደጅ፣ ዛፍ ሥር፣ ሸራ ውስጥ ሴራሚክ የሚቀባ ቦታ ካየህ ዋጋውን እንኳን አትጠይቅ። ከተቀባ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አይነካውም፣ ሰባት ቀን ሳሙና አይነካውም። በክረምት የምታስደርግ ከሆነ ማታ የት እንደምታቆመው ቀድመህ አስብ።

ባቲላሜራ፦
እኔ ለአብዛኛው ሰው ሴራሚክ አልመክርም። ላቫጆውን ሳትቀይር ሴራሚክ ማስቀባት ገንዘብ መበተን ነው። በዓመት ሁለቴ ሲላንት፣ አንዱ ሰኔ ሳይገባ፣ አንዱ ከመስቀል በኋላ፣ ይበቃል።

አይዲ4 ከአያት፦
ባቲላሜራ፣ ላቫጆውን ቀይር ማለት ቀላል ነው፣ ወዴት?

ሳሙና በባልዲ፦
ላቫጆውን ሳይሆን አሠራሩን ቀይር። የራስህን ሻምፖና አራት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዘህ ሂድ፤ ሁለት ለላይ፣ አንድ ከበር ወገብ በታች፣ አንድ ለማድረቂያ። ለቸርኬው የእነሱን ይጠቀሙ። ለልጆቹ ጉርሻ ጨመር አድርገህ «ከላይ ወደ ታች፣ መሬት የነካ ጨርቅ የለም» በላቸው፤ ያደርጉታል። ናፍጣ ወይም ላምባ ከሥር መርጨት ይቅር። ያብረቀርቃል፣ በማግስቱ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ጎማ ነገሮችንም ያሳብጣል። የአእዋፍ ኩስ ካረፈበት አትፋቀው፤ በውሃ የራሰ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አልብሰው፣ ለስልሶ ይነሳል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ክሊሩን ያኮማትረዋል።

ጥቁር ቪትዝ፦
ቤቱ ይባረክ። በሰጣችሁኝ ጥያቄ ሦስት ቦታ ተጠይቋል፣ መልሶቹን እንዳሉ ላስቀምጥ።

አንደኛው፦ «መለኪያ የለንም፣ በዓይን እናውቃለን። ማሽናችን ሮታሪ ነው። በአልኮል ማየት አያስፈልግም፣ ዋክሱን ያነሳብሃል።»
ሁለተኛው፦ «መለኪያ አለ። ዲኤ ነው። መሞከሪያ ቦታ እናሳያለን። 2000 ብርጭቆ ወረቀት ከሙሉ ፖሊሽ ጋር አብሮ አለ፣ መኪናውን በሙሉ እናሻለን።»
ሦስተኛው፦ «መለኪያ የለም፣ ግን የተቀባ በር ካለ ንገረን፣ እሱን በቀላሉ እንነካዋለን። መጀመሪያ በሮታሪ፣ ከዚያ በዲኤ። ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ጥልቅ ጭረት አይወጣም፣ ቀድመን እናሳይሃለን።»

የማን ይሻላል? ሁለተኛው መሣሪያው የተሟላ ነው።

ማይክሮን፦
ሦስተኛው። መለኪያ የሌለው ሰው ጋ መለኪያ ተከራይተህም ሆነ ተውሰህ ይዘህ መሄድ ትችላለህ፤ ማመዛዘን ግን አይዋስም። ሁለተኛው መሣሪያ አለው፣ ግን ለሸረሪት ድር ጭረት የ17 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን ክሊር በሙሉ በ2000 ሊልግ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ለአንድ ለታወቀ ጥልቅ ጭረት፣ እዚያችው ቦታ ላይ ብቻ የሚገባ ነገር ነው። «ከሙሉ ፖሊሽ ጋር አብሮ አለ» ሲልህ እንደ ጉርሻ አትየው።

አንደኛው ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ አልኮል ሰሙን ያነሳል። ለዚያ ነው አልኮሉ ሰም ሳይቀባ በፊት የሚመጣው። ከፖሊሹ በኋላ ደውሉልኝ በል፣ በአልኮል ተወልውሎ እየው፣ ከዚያ ሰሙ ይቀባ።

ጥፍርህን ጭረቱ ላይ አሻግረህ ጎትት። ጥፍርህ ከያዘው ፖሊሽ አያወጣውም፤ ከሚያወጣው ይልቅ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል። ሦስተኛው ይህን ሳትጠይቀው ነግሮሃል።

ባቲላሜራ፦
በዚያው ላይ፦ ሲሠራ ቁመህ የምታይ ከሆነ ሦስት ነገር ብቻ እይ። ማሽኑ ስፖንጁ ላሜራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው የሚነሳው፣ በአየር ላይ ተነስቶ ከመጣ ኮምፓውንዱ መስታወቱን ሁሉ ይረጨዋል። አራት የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጠብታ ለ50 በ50 ቦታ ይበቃል፤ የሚያፈስ ሰው ስፖንጁን አጥግቦ አይቆርጥም። እጁን ቀስ ያድርግ፣ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ ቁልቁልና አግድም፣ ግማሹን እየደረበ። በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ኮምፓውንዱ ቶሎ ዱቄት ይሆናል፤ ያኔ ቦታውን ማሳነስ እንጂ ኮምፓውንድ መጨመር መፍትሔ አይደለም። በመሃል የእጁን ጀርባ ላሜራው ላይ ያሳርፋል፤ ማቆየት ካቃተው በጣም ሞቋል፣ ሌላ ክፍል ይዞ ያብርደው።

መብራት ቢጠፋ ደግሞ «በእጅ እንጨርሰው» አይባልም። በማሽን የተጀመረ ክፍል በማሽን ነው የሚያልቀው፣ ቢያድርም ይደር።

ዶልፊን 5ኤል፦
የፊት መብራት ቢጫ የሆነውንስ አብረው ይሠሩታል?

ሳሙና በባልዲ፦
ይሠራሉ፣ ግን መጨረሻውን ጠይቅ። 1000፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ከዚያ ፖሊሽ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የፀሐይ መከላከያ ክሊር ካልተቀባበት ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ይቢጫል፣ ምክንያቱም የፋብሪካውን መከላከያ አብረህ አንስተኸዋል። በጥርስ ሳሙና የሚሠራውም ያው ነው፣ ለሳምንት ያጠራል።

ጥቁር ቪትዝ፦
ሦስተኛው ጋ ቀጠሮ ተይዟል። የቀረ አንድ ነገር፦ የፊት ፓራውልት ጥግ ላይ ክሊሩ እንደ ቆዳ መላጥ ጀምሯል፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ። ነጭ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ይነሳል። በዚያው ይጠራ ይሆን?

ባቲላሜራ፦
አይጠራም። የተላጠ ክሊር ፖሊሽ አያውቅም፤ ማሽኑ ከነካው ጠርዙን ይዞ እየላጠ ይሄዳል፣ መዳፉ ክንድ ይሆናል። ያቺን ጥግ በፕላስተር እንዲሸፍኑልህ ንገራቸው፣ ጨርሶ አይንኳት። ፓራውልቱ ተፈትቶ ቀለም ቤት ይሂድ፣ በፎርኖ (ቀለሙን በሙቀት በሚያደርቀው ክፍል) ቢሆን ይመረጣል። ፖሊሹን አስቀድም፣ ቀለሙን አስከትል፤ ቀለም የሚያመሳስለው ሰው የነጣውን ሳይሆን የጠራውን ጥቁር አይቶ እንዲቀምም። አዲሱ ቀለም ላይ ደግሞ አየር ላይ የደረቀ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ጠንቃቃ ከሆንክ 60፣ ሰምም ሴራሚክም አይቀባ። ቲነሩ ገና እየወጣ ነው፤ ከዘጋህበት ቀለሙ ይደበዝዛል ወይም ፊኛ ይሠራል። እስከዚያ በውሃና በሻምፖ ብቻ።